ለሐዋሳ የሚሆን ክር

ባለፈው ዓመት ለዘመድ ሠርግ ነቀምቴ ሄጄ ሳለ የሻንጣዬ ማንገቻ ተገነጠለብኝና ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ከተቀመጠ ጫማ ሰፊ ዘንድ ቆምኩ። ሰውየው የክሩን ጫፍ በጥርሱ ያዘና ከሣጥኑ ውስጥ የጠቆረ የሰም ድብልብል አውጥቶ ክሩን በላዩ ላይ እየጎተተ ያሸው ጀመር። ሰሙ ሲሞቅ ሽታው ወጣ። የማር፣ የጭስና የቆዳ ሽታ በአንድ ላይ። ሻንጣዬን ተቀብዬ ከሄድኩ በኋላም ሽታው ከአፍንጫዬ አልጠፋም። ሠርጉ ላይ ሰው ሲያነጋግረኝ «እ?» እያልኩ ዋልኩ። ልቤ ከነቀምቴ ወጣ ብላ ባለችው በዲጋ ነበር፤ አንድ ክረምት ካሳለፍኩበት ከአካኮ ፉፋ የኮርቻ መስፊያ ቤት።

ያኔ አሥር ዓመቴ ነው። ዘመኑ የደርግ፣ ያውም ሰው ከጎረቤቱ ጋር በሹክሹክታ የሚያወራበት ክፉ ጊዜ። አባቴ ነቀምቴ ውስጥ የጂኦግራፊ መምህር ነበር። ቤታችን ቡርቃ ጃቶ ነው፤ እናቴ፣ አባቴና እኔ ብቻ። አባዬ መምህር ሆኖ መጀመሪያ የተመደበው ሐዋሳ ስለነበር ዓሣ ማጥመድ የተማረው እዚያ ሐይቁ ዳር ነው። ይህን አመል ነቀምቴ ድረስ ይዞት መጣ። ቅዳሜ ሲሆን ትል በጣሳ ይዞ፣ እኔን አስከትሎ ወንዝ ይወርዳል። ጎረቤቶች ይስቁበት ነበር። ሥጋ በሚበላበት አገር ደህና መምህር ትል ይዞ ወንዝ ለወንዝ መዞሩ ለእነሱ ቀልድ ነበር። እሱ ግን ደንታ አልነበረውም።

የዓሣ ክሩ ናይሎን ነው። ከሐዋሳ ያመጣው ሲሆን በጠፍጣፋ እንጨት ላይ ተጠቅልሎ በሻይ ቆርቆሮ ውስጥ ይቀመጣል። ከመውረዳችን በፊት ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለን ክር እንመርጣለን፤ ቀጭን አለ፣ ወፍራም አለ። አንዱን ጫፍ እኔ እይዛለሁ፣ ሌላውን እሱ ይዞ ወደ ኋላ ይሄዳል። ክሩን በጣቶቹ መሐል እያሳለፈ የሻከረ ቦታ ይፈልጋል፤ ወደ ፀሐይ ያነሣዋል፤ በምራቁ ያረጥበውና ደግሞ ይስበዋል። ዓሣ ሞኝ አይደለም ይለኛል። ውሃው ከደፈረሰ ወፍራሙን ብትሰጪው አያይም፤ ውሃው ከጠራ ግን ቀጭን ካልሆነ ቀርቦ አይቶት ይሄዳል። ቀጭኑ ደግሞ ይበጠሳል። ስለዚህ ከመውረድሽ በፊት የምትወርጂበትን ውሃ አስቢ ይለኛል።

የመጡት ከሰዓት በኋላ ነው። አባዬ የፈተና ወረቀት እያረመ ነበር። ጠመንጃ የያዙት ሰዎች አልጋውን ገለበጡ፣ መጻሕፍቱን በጆንያ አደረጉ፣ ሬድዮኑን ወሰዱ። አንደኛው የሻይ ቆርቆሮውን ከፍቶ ክሩን መዘዝ መዘዝ አደረገና ምን ዓይነት ሽቦ እንደሆነ ጠየቀ። አባዬ የዓሣ ክር መሆኑን ነገረው። ሰውየው ለጓደኛው አሳየውና ቆርቆሮውን ጆንያው ውስጥ ጨመረው። አባዬ ሲወጣ እጁን ራሴ ላይ አኑሮ «የቤት ሥራሽን ጨርሺ» አለኝ። ጨረስኩ። ቶሎ የሚመለስ መስሎኝ ደብተሬን ገልጬ ጠረጴዛው ላይ ተውኩለት።

ከዚያ በኋላ እናቴ በየቀኑ ምሳ በዘንቢል ይዛ ወደ እስር ቤቱ ትሄዳለች። እኔ ትምህርት ቤት ስለምውል አብሬያት አልሄድም። ማታ ባዶውን ሳህን ሳጥብ አባዬ በልቶበታል እያልኩ ጠርዙን በጣቴ እዳስሰዋለሁ። አንድ ቀን ቤት ስገባ እናቴ ነጠላዋን ሳታወልቅ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች። ዘንቢሉ አጠገቧ ነው። ከፍቼ ሳየው ሳህኑ ሙሉ ነው፤ ወጡ ረግቷል።

ለምን እንዳልበላ ጠየቅኳት። ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል «ተዛውሯል አሉኝ» አለች።

እኔ የመምህር ልጅ ነኝ። ተዛወረ የሚለውን ቃል በደንብ አውቀዋለሁ። መምህር ሲዛወር መምህራን ሻይና ዳቦ ያዘጋጃሉ፣ ፎቶ ይነሣሉ፣ ፍራሽና ወንበር መኪና ላይ ይጫናል። ስለዚህ እስሩ አልቋል ማለት ነው። ልቤ በደስታ ዘለለች። የት እንደሆነ ጠየቅኳት፤ ሩቅ ነው አለችኝ። ሐዋሳ ነው ወይ አልኳት። ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያም በጣም ቀስ ብላ «አዎ፣ ሐዋሳ» አለች።

በጣም ርቦኝ ነበር። የአባዬን ምሳ እዚያው ደጃፉ ላይ፣ እናቴ እያየችኝ፣ ሳህኑን አጽድቼ በላሁት።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ እናቴ ዲጋ ወሰደችኝ። እሷ ወደ አዲስ አበባ እንደምትሄድ ነገረችኝ፤ እኔ ደግሞ በዚያ አድርጋ ሐዋሳ ቤት ልታሰናዳ ነው ብዬ ያዝኩት። ዲጋ ያለው የእናቷ ወንድም ነው፤ አካኮ ፉፋ። አካኮ ብለን የምንጠራቸው እንደ አያት ስለሆኑ ነው። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይቷል፤ ልጅ የላቸውም። ከዋናው መንገድ ዳር ባለች ቤት ውስጥ ኮርቻ ይሰፋሉ። አንዱ ክፍል የሥራ፣ ሌላው የመኝታ ነው፤ ሁለቱም የሚሸቱት ያው ሰምና ቆዳ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ወሬ የማይወዱ ሰው ነበሩ። ጠዋት «አካም ቡልቴ፣ ኢንታላ ኮ?» ይሉኛል፤ እንዴት አደርሽ ልጄ ማለታቸው ነው። ከዚያ በኋላ ምሳ እስኪደርስ የሚሰማው የወስፌና የክር ድምፅ ብቻ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት የጎረቤት ልጅ ጫልቱ መጥታ አብረን ገመድ ዘለልን። ሌሎች ልጆችም መጡ። ከዚያ ባንድ ጊዜ ቀሩ። ጫልቱን ደጃፏ ላይ ሳያት ወደ ቤት ትገባለች። ወንዶቹ ልጆች ኳስ ይዘው ሲያልፉ ስጠራቸው እንዳልሰሙ ይሆናሉ። ምን እንዳደረግኩ ብዙ አሰብኩ። በመጨረሻ ቆዳ ቆዳ ስለምሸት ነው አልኩ። ልብሴን ሁሉ ይዤ ወንዝ ወረድኩና በሳሙና ፈተግኩት። ፀጉሬንም ታጠብኩ፤ ክንዴ እስኪቀላ አሸሁት። በማግስቱ ክንዴን እያሸተትኩ ጫልቱ ደጃፍ ሄጄ ቆምኩ። እናቷ ወጡና ጫልቱ ሥራ ላይ ናት አሉኝ። ድምፃቸው ክፉ አልነበረም፤ ግን ሲናገሩ መንገዱን ግራና ቀኝ ያዩ ነበር። ቆዳው አልለቀቀኝም ማለት ነው ብዬ ተመለስኩ።

ከዚያ ወዲያ ውሎዬ ወንዙ ዳር ሆነ። ከአካኮ ቤት ጓሮ ወርዶ የሚገኝ፣ ልጅ የሚሻገረው ትንሽ ወንዝ ነው። ከላይ ሲዘንብ ይደፈርሳል፤ ዝናቡ ካባራ ግን ወዲያው ይጠራል። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ትንንሽ ዓሦች ሲሄዱ ሲመጡ እያየሁ ስለ አባዬ አስባለሁ። አሁን ሐይቁ ዳር ነው እላለሁ። ቅዳሜ ሲሆን ግን ሐሳብ ይገባኛል። ክሩን ወስደውበታል። ባዶ እጁን ሐይቁ ዳር ቆሞ፣ ሌሎች ሲያጠምዱ ሲያይ ይታየኛል። አንድ ቀን ጠዋት ተነሥቼ፣ እናቴ እስክትመጣ ድረስ ለሐዋሳ የሚሆን ክር ፈልጌ አዘጋጃለሁ አልኩ።

አካኮን ክር ጠየቅኳቸው። ለምን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ለዓሣ አልኳቸው። ፊታቸውን አጨማደዱ። ዓሣ የእባብ ዘመድ ነው፤ ቅርፊቱን አላየሽም ወይ አሉኝ። በማግስቱ ስነቃ ግን አልጋዬ ጫፍ ላይ ሰም የተቀባ ረጅም የኮርቻ ክርና በእሳት አግለው ያጎበጡት መስፊያ መርፌ ተቀምጧል። መንጠቆው ያ መርፌ ሆነ።

ሰም የተቀባው ክር ጠንካራ ነበር፤ እኔና አካኮ ይዘን ብንጎትተው አልበጠስ አለ። ውሃ ውስጥ ሲገባ ግን ሌላ ነገር ሆነ። ጥቁርና ደረቅ ነው፤ እንደ ታጠፈ ይቀራል እንጂ አይሰምጥም። ዓሦቹ ተሰብስበው መጡ፤ ከበቡት፤ አይተውት ሄዱ። ልክ አባዬ እንዳለው ነው። ሮጬ ወጥቼ ለአካኮ ነገርኳቸው። መርፌያቸውን አስቀምጠው ዓሣ ያያል ወይ ብለው ጠየቁኝ። ያያል አልኩ። አንገታቸውን ነቀነቁና ሥራቸውን ቀጠሉ። ማታ እራት ስንበላ ግን በድንገት፣ ቀጭን ሆኖ የማይበጠስ ጅማት ነው አሉ።

ከበሬ ጀርባ የወጣ ጅማት በጥፍራቸው ሰንጥቀው፣ ጭናቸው ላይ ፈትለው ሰጡኝ። ደረቅ ሆኖ ሳለ እንደ ሽቦ ነበር። ውሃ ሲጠጣ ግን ራሰ፣ ለሰለሰ፣ ቋጠሮው ተፈታና መንጠቆውን ላወጣ ስል ባዶ ክር ብቻ ወጣ። መርፌውን ፍለጋ ጭቃ በእጄ ስዳብስ ዋልኩ። እንደገና እንዲደርቅ አጥሩ ላይ አሰጣሁት፤ የጎረቤት ድመት በላችው። አካኮ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ያለ ድምፅ፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ሳቁ። ስቀው ሲያበቁ ደግሞ የተከዙ መሰሉና ወደ ውስጥ ገቡ።

ቀጥሎ የፈረስ ጭራ ሆነ። ኮርቻ ሊያሠራ የመጣ ገበሬ ነጭ ፈረስ ነበረው። አካኮ ከሰውየው ጋር በኦሮምኛ ሲያወሩ ቆይተው ከጭራው ነጭ ፀጉር አስቆረጡልኝ። ወንድ ፈረስ መሆኑን አይተው ነው፤ ማሲንቆ ሠሪዎች የሴቷን አይወዱም፣ ሽንቷ ይነካዋል፣ ይሰባበራል አሉኝ። ሦስት ሦስት እያደረጉ ገመዱት፤ ቁራጩን ከቁራጭ እየቋጠሩ አስረዘሙት። በዚህ ጊዜ ብቻዬን አልሰደዱኝም። ዣንጥላቸውን ይዘው፣ ወንዙ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ነጩ ፀጉር ውሃው ውስጥ ሲገባ ጠፋ። ቆየት ብሎ ጫፉ ተሳበ፤ እኔም ሳብኩ። የእጄን ጣት የምታክል ዓሣ ሣሩ ላይ ተፈራገጠች። አካኮ አጎንብሰው ብዙ ጊዜ አዩዋት። ሊነኳት ግን አልወደዱም።

ለዚያ ወንዝ የሚሆነው ክር እሱ ነበር። እኔ ግን የማስበው ሌላ ውሃ ነው። ሐዋሳ ጥልቅ ነው፤ ዓሣው ትልቅ ነው፤ እንዲያ በቋጠሮ የተሞላ አጭር ክር የት ይደርሳል? ይህን ለአካኮ ስነግራቸው ዣንጥላውን አጣጠፉ። አባቴ ሐዋሳ ነው ባልኩ ቁጥር ዝም ይላሉ። ሐዋሳን ስለማያውቁት ነው ብዬ፣ አባዬ ካስተማረኝ ካርታ ላይ የት እንደሆነ ጭቃው ላይ በእንጨት ሥዬ አሳየኋቸው። አዲስ አበባን ሣልኩ፤ ወደ ታች ወርጄ ሐይቁን ሣልኩ። እሳቸውም አዩልኝ።

ዲጋ ውስጥ ናይሎን የሚገኝበት አንድ ቦታ ነው፤ የጋሽ ሸምሱ ሱቅ። ጋሽ ሸምሱ ከጉራጌ አገር መጥተው የሰፈሩ ነጋዴ ናቸው፤ ጨው፣ ሻማ፣ ላምባና ምስማር ይሸጣሉ። ዕቃ በጠፋበት ጊዜ ከጓዳ የሚያወጡት ነገር አያጡም ይባላል። አካኮ ይዘውኝ ሄዱ። ሱቁ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። ጋሽ ሸምሱ ናይሎኑ ለምን ዓይነት ውሃ እንደሆነ ጠየቁኝ። እኔም ደስ ብሎኝ፣ ለአባቴ ነው፣ መምህር ነው፣ ከእስር ቤት ወደ ሐዋሳ ተዛውሯል አልኳቸው።

አካኮ ከኋላዬ አሳላቸው። ጋሽ ሸምሱ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ወደ መደርደሪያው ዞሩና ፈለጉ፤ በጣም ለረጅም ጊዜ ፈለጉ። መደርደሪያው ላይ ግን ሻማና ክብሪት ብቻ ነው ያለው። ሰውየው ተቆጥተውኛል ብዬ ፈራሁ። ሲዞሩ ግን ሁለት የናይሎን ጥቅልሎች ከታች አውጥተው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡልኝ፤ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን። ምረጪ አሉኝ።

አባዬ እንደሚያደርገው አደረግኩ። አካኮ አንዱን ጫፍ ያዙልኝ፤ እኔ ወደ ኋላ እየሄድኩ በጣቶቼ መሐል አሳለፍኩት። ወደ በሩ ብርሃን አነሣሁት። በምራቄ አርጥቤ ሳብኩት። አካኮ ወፍራሙን ወደዱት፤ በእሳቸው ሥራ ክር ማለት የማይበጠስ ነው። ተከራከርኳቸው። የሐዋሳ ውሃ የጠራ ነው፤ ወፍራሙን ዓሣው ያየዋል አልኩ። ቀጭኑ ይበጠስ ይሆናል፣ ግን ቢያንስ ዓሣው ይመጣለታል። ጋሽ ሸምሱ «ልጅቷ ልክ ናት» ብለው ቀጭኑን በወረቀት ጠቀለሉልኝ። አካኮ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሲሰዱ ይተውት አሏቸው።

ክሩ ጓሮ ላለው ወንዝ አይመጥንም፤ በትልቅ ዓሣ መፈተን ነበረበት። ለአባዬ የሚበጠስ ክር መላክ አልፈለግኩም። ቀን በቀን ዴዴሳ እንሂድ እያልኩ ስነዘንዛቸው፣ አካኮ ዴዴሳ ወንዝ አጠገብ ካለ ገበያ የሚያደርሱት ኮርቻ ሲኖራቸው ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አውጥተው በጭነት መኪና ይዘውኝ ወረዱ። መንገዱ ወደ ጊምቢ የሚወስደው ነው፤ ቁልቁል በወረድን ቁጥር ሙቀቱ እየጨመረ መጣ፤ አካኮም ካፖርታቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት። ኮርቻውን ካስረከብን በኋላ ወደ ድልድዩ ሄድን። ዴዴሳ ሞልቶ፣ እንደ ቡና በወተት ሆኖ ይሄድ ነበር። እንዲህ ያለ ሰፊ ውሃ አይቼ አላውቅም። የአባዬ ሐይቅ ከዚህ እንደሚበልጥ ሳስብ ፈራሁለት።

ድልድዩን የሚጠብቅ ወታደር ወዴት እንደምንሄድ ጠየቀ። ፊቱ ላይ ፂም ገና ያላወጣ ልጅ ነው። አካኮ አማርኛቸው ይሰባበራል፤ ከወታደር ጋር ሲሆን ደግሞ ይብሳል። እኔ ክሩን አሳየሁት። ወታደሩ ሲያየው ፊቱ ተለወጠ። ክሩን ተቀብሎ በጣቶቹ መሐል አሳለፈው፤ ልክ እንደ አባዬ፤ ወደ ፀሐይም አነሣው። አገሩ ጣና ዳር እንደሆነ፣ አባቱ ዓሣ አጥማጅ እንደሆነ ነገረን። ከድልድዩ ወረድ ብሎ ውሃው ወደሚያርፍበት ቦታ ራሱ ወሰደን፤ አዞ እንዳይኖርም ቆሞ አየልን።

ትሉን ሰካሁ፤ ወታደሩ ጠጠር አስሮ ወረወረልኝ። ብዙ ቆየን። አካኮ ላብ በላብ ሆነው ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል። ክሩ በድንገት ሲወጠር ወደ ውሃው ተንደረደርኩ። አካኮ በአንድ እጃቸው ቀሚሴን ያዙ፣ በሌላው ክሩን። ውሃው ውስጥ ያለው ነገር ሲጎትት ክሩ መዳፋቸውን ሰነጠቀው፤ ደሙ በክሩ ላይ ወረደ፤ ግን አልለቀቁም። ወታደሩ ጠመንጃውን አንግቦ ገብቶ የዓሣውን ጉንጭ ይዞ አወጣው። አምባዛ ነበር፤ ጢሙ ረጅም፣ ጭንቅላቱ ሰፊ። ክሩ አልተበጠሰም።

ወታደሩን ይህ ክር ለጠራ ሐይቅ ይሆናል ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ለጠራ ውሃ ከዚህ የተሻለ የለም አለኝ። ክሩን ከእጁ መልቀቅ እንዳልፈለገ ያስታውቃል፤ ትንሽ ይሰጡት እንደሆነ አካኮን ጠየቃቸው። እኔ ቀድሜ የአባቴ ነው አልኩና ጠቀለልኩት። ቅር አላለውም። ዓሣውን ሰጠነው፤ አካኮ እንደሆነ አይበሉት። እያፏጨ ይዞት ወጣ።

መኪና ስንጠብቅ ከመንገዱ ዳር ከአንድ ዋርካ ሥር ተቀመጥን። አካኮ መዳፋቸውን በመሐረብ አስረውታል። እኔ በደስታ መቀመጥ አልቻልኩም። ወደ ሐዋሳ የሚሄድ ሾፌር ፈልገን አሁኑኑ እንላክለት አልኳቸው፤ እማዬ እስክትመጣ ለምን እንጠብቃለን? መሐረባቸውን አጠበቁ። እንደገና ስጠይቃቸው የተሰነጠቀውን እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አኖሩ።

«ኢንታላ ኮ፣ ሐዋሳ የለም» አሉ።

ካርታው ላይ እንዳለ ልነግራቸው ስል ቀጠሉ። «ከተማውስ አለ። አባትሽ ግን እዚያ የለም። በዚህ ዘመን እስር ቤት ሄደሽ ተዛውሯል፣ ከእንግዲህ ምግብ አታምጪ ካሉሽ፣ የሚሉት ሌላ ነው።»

«ምንድን ነው የሚሉት?»

«ሞቷል ነው የሚሉት።»

ከዚያ ወዲያ የነገሩኝን በደንብ አላስታውስም። ሬሳውን ያየ ሰው እንደሌለ፣ እናቴ አዲስ አበባ የሄደችው ምናልባት ወደዚያ ወስደውት እንደሆነ ለመጠየቅ መሆኑን፣ ልጅን ማታለል እንደማይወዱና እናቴን ፈርተው ዝም ብለው እንደቆዩ ነገሩኝ። ክሩን እዚያ ለሌለ ሰው ስትልኪ ማየት አልቻልኩም አሉ። የማስታውሰው ክሩን ነው። እጄ ላይ ቀለለኝ፤ ምንም የማይመዝን ነገር ሆነ። ተነሣሁና ወደ ድልድዩ ተመለስኩ። አካኮ ከኋላዬ ጠሩኝ፤ አልቆምኩም። ወታደሩ እሳት ሊያያይዝ ጭራሮ እየሰበሰበ ነበር። ክሩን ሰጠሁት። ምን ሆነሽ ነው አለኝ። ለምን እንደሰጠሁት ዛሬም በደንብ አላውቅም። ልይዘው አልቻልኩም፤ ወንዝ ውስጥ ልወረውረውም አልሆነልኝም። እንደ አባዬ ክር የሚይዝ እጅ ያየሁት እሱ ላይ ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው የክረምቱ ክፍል ረጅም ነው። ወንዝ አልወረድኩም። የልጆቹ ነገር ያኔ ገባኝ፤ የሸተትኳቸው ቆዳ አልነበረም። ማወቄ ግን አልጠቀመኝም። ቀድሞ ብቻዬን ስሆን ከአባዬ ጋር ነበርኩ፤ እሱ ሐይቁ ዳር፣ እኔ ወንዙ ዳር። አሁን ወንዙም ባዶ ሆነ። አካኮ ሥራ ክፍል ውስጥ ከጎናቸው የምቀመጥበት ትንሽ በርጩማ አኖሩልኝ። ቀኑን ሙሉ ክር በሰም አሽላቸዋለሁ። መዳፋቸው ስላልዳነ እንደ ልባቸው መሥራት አልቻሉም። አንዳንዴ ያለ ምክንያት ወስፌውን ያቆሙና ያዩኛል፤ እኔም ቀና ሳልል ማሸቴን እቀጥላለሁ።

እናቴ የመጣችው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ከመኪናው ስትወርድ ቶሎ አላወቅኳትም፤ ከስታ ነበር፣ ጫማዋም ጭቃ በጭቃ ነው። ጥቁር አልለበሰችም። ጥቁር መልበስ እንኳ የሚያስጠይቅበት ጊዜ ነበር፤ ነቀምቴ ውስጥ ለባሏ ያለቀሰች ሴት ለማን ነው የምታለቅሺው ተብላ መጠራቷን ሰምተናል። እናቴ ገባች፤ አካኮን ጉልበታቸውን ስማ ተቀመጠች። እኔን ወደ ደረቷ አስጠጋችኝ። ልቧ ሲመታ ይሰማኛል።

ፀጉሬን እየዳበሰች «አባትሽ ሰላም ብሎሻል» አለችኝ። «ጎበዝ ሁኚ ብሎሻል።»

አካኮ መሬት መሬት አዩ። እኔ ከደረቷ ሳልወጣ፣ ፊቷን እንዳላይ ሆኜ ተናገርኩ።

«እማዬ፣ አካኮ ነግረውኛል። ከእንግዲህ እንዲህ አትበይኝ።»

ፀጉሬ ላይ ያለው እጇ ቆመ። መላ ሰውነቷ ሲላላ ተሰማኝ፤ ከባድ ነገር ከጀርባው እንደወረደለት ሰው። አካኮ በኦሮምኛ ጠየቋት፤ እርግጥ ነው ወይ? አብሮት ታስሮ የተፈታ ሰው አግኝታለች፤ እርግጥ ነው አለች። አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። ከውስጧ የሚወጣውን ነገር መልሳ ትውጠው ነበር። መንገዱ ቅርብ ነው፤ ሰው ያልፋል፤ የቀበሌው ጽሕፈት ቤትም ሩቅ አይደለም።

አካኮ ተነሥተው በመስኮቱ ሰማዩን አዩ። ጊዜው ከሰዓት በኋላ ነው፤ በወንዙ በኩል ደመናው ጠቁሮ ወርዷል። በሩን ዘጉት። ተመልሰው መጥተው ከእናቴ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡና እጇን ያዙ።

«ትንሽ ታገሺ» አሏት። «ዝናቡ ይምጣ።»

ሦስታችንም ቁጭ ብለን ዝናቡን ጠበቅን። መጀመሪያ ነፋሱ መጣ። ቀጥሎ ጠብታው ቆርቆሮው ላይ አንድ አንድ እያለ ወደቀ፤ እናቴ ዓይኗን ጨፍና ታዳምጥ ነበር። ከዚያ ባንድ ጊዜ ወረደ። የአካኮ ቤት ጣሪያ የጠረጴዛ ያህል እንኳ ኮርኒስ የለውም፤ የራስህን ድምፅ የማትሰማበት ውርጅብኝ ሆነ። ያኔ እናቴ ነጠላዋን ከአፏ ላይ አነሣች። የአባቴን ስም ጠራች። ጮኸች። ደረቷን እየመታች አለቀሰች። አካኮም በኦሮምኛ፣ እንደ ሽማግሌ ወግ፣ እየዘረዘሩ አለቀሱ። እኔም አፌን ከፍቼ የቻልኩትን ያህል ጮኽኩ፤ የራሴ ጩኸት ለራሴ አልተሰማኝም።

ዝናቡ ሲያባራ እኛም አባራን። እናቴ ፊቷን ጠረገች። አካኮ ተነሥተው ወስፌያቸውን አነሡና፣ መንገደኛ ምንም ያልሆነበት ቤት መስሎት እንዲያልፍ፣ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት።